በአሜሪካ ጋዜጠኝነትና ብሮድካስቲንግ መማር ለምትፈልጉ

አሜሪካ ውስጥ በጋዜጠኝነት የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ያስፈልጋል። ከዚህ ውስጥ ጋዜጠኝነት የሚባለው ትምህርት ከግማሽ በታች ነው። የቀረው ታሪክ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ስታትስቲክስ፣ ሳይንስ፣ ፖለቲካ፣ ንግግርና ጽሑፍ ነው። ይህን ቀድሞ ያወቀ ሰው ጊዜውንም ገንዘቡንም ያተርፋል፤ ያላወቀ ደግሞ ለዲግሪው የማይቆጠርለትን ትምህርት እየከፈለ ይማራል። እኔ ከአዲስ አበባ በዲቪ መጥቼ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በሚባል የሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጀምሬ፣ ኮሌጅ ፓርክ በሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በብሮድካስት (በሬዲዮና ቴሌቪዥን) ጋዜጠኝነት ጨርሻለሁ። ከዚያ ወዲህ ልጆቻቸውን ለማስተማር ያሰቡ ወላጆችም፣ እንደኔ እየሠሩ መማር የሚፈልጉ ሰዎችም ይደውሉልኛል። ለእነሱ የምነግራቸውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌ ጽፌዋለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ስልክ ሲደወልልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው "የትኛውን ነው የምትፈልጉት?" ብዬ ነው። ስሞቹ ይቀራረባሉ፣ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። "ስፒች" ሲባል የነበረው የአደባባይ ንግግርና ክርክር የሚያስተምረው ክፍል ነው። 17 መምህራን ከእንግሊዝኛ መምህራን ጉባኤ ተለይተው በ1914 የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ፤ ትምህርቱም ቀስ በቀስ ራሱን ቻለ። ዛሬ አብዛኛው ዩኒቨርሲቲ "ኮሚዩኒኬሽን" ይለዋል፤ ከዚያ የሚመረቀው ሰው በብዛት ወደ ሕዝብ ግንኙነት፣ ወደ ምርጫ ዘመቻ ወይም ወደ ድርጅቶች የመረጃ ክፍል ይሄዳል። "የመስማትና የንግግር ሳይንስ" የሚባለው ግን ሌላ ነገር ነው። እሱ የሚንተባተብ ልጅን ወይም ስትሮክ መትቶት አፉ የተያዘ ሰውን ለመርዳት የሚያዘጋጅ የሕክምና ዘርፍ ነው፤ ሥራውን ለመያዝ ማስተርስና የሥራ ፈቃድ ይጠይቃል። ጥሩ ሙያ ነው፣ ግን ዜና አንባቢ አያደርግም። የማውቃት ልጅ "ስፒች" የሚለውን አይታ ተመዝግባ አንድ ሴሚስተር ሙሉ ስለ ጆሮ አጥንቶች ተምራለች።

ጋዜጠኝነት የራሱ ትምህርት ቤት አለው። በአሜሪካ የመጀመሪያው በሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ በ1908 የተከፈተው ነው። ብሮድካስቲንግ ደግሞ አንዳንድ ቦታ በዚሁ በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት ሥር ይሆናል፤ አንዳንድ ቦታ ካሜራ፣ መብራትና ድምፅ ላይ ያተኮረ የፕሮዳክሽን ትምህርት ሆኖ ለብቻው ይሰጣል። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስትገቡ የምትመዘገቡበትን የዲግሪ ዓይነት ፊደሎች ተጠንቅቃችሁ እዩ። "ኤ.ኤ." የሚባለው ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመሻገር የተዘጋጀ ነው። "ኤ.ኤ.ኤስ." የሚባለው በቀጥታ ሥራ ለመግባት የታሰበ ነው፤ የቴክኒክ ትምህርቶቹን ዩኒቨርሲቲው ሳይቀበላቸው ሊቀር ይችላል። ካሜራ መያዝ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ሁለተኛው ይበቃችኋል። ዲግሪውን ጭምር ከፈለጋችሁ የመጀመሪያው ይሻላል።

አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ እዚህ አገር ጋዜጠኛ ለመሆን ከመንግሥት ፈቃድ የሚያወጣ ሰው የለም። ከ1791 ጀምሮ በሕገ መንግሥቱ የመጀመሪያ ማሻሻያ የፕሬስ ነፃነት ስለተጠበቀ ማንም ዲግሪ ሳይኖረው ሊዘግብ ይችላል። ታዲያ ትምህርቱ ለምን ያስፈልጋል? ቀጣሪዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ስለሚጠይቁ፣ ብዙ ኢንተርንሺፕም (የሥራ ልምምድ) ተማሪ ለሆነ ሰው ብቻ ስለሚሰጥ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጻፋችሁትን መስመር በመስመር የሚያርም ባለሙያ ሌላ ቦታ በቀላሉ ስለማይገኝ። ለእኔ ትልቁ ይህ ሦስተኛው ነበር።

የወረቀት ጉዳይ ለእኛ ሰዎች ከትምህርቱ በላይ የሚያደክም ነው፣ ስለዚህ ላብራራው። ገና አገር ቤት ላላችሁ፦ የ12ኛ ክፍል ውጤታችሁንና የ9ኛ እስከ 12ኛ ትራንስክሪፕታችሁን ከመምጣታችሁ በፊት አስረጋግጣችሁ ያዙ። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ከነበረ የዚያንም ያዙ። "ስቱደንት ኮፒ" እጃችሁ ላይ ቢኖር እዚህ አይሠራላችሁም። የሚፈለገው ሬጅስትራሩ ራሱ አሽጎ በቀጥታ የሚልከው ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። እሱን ለማግኘት ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳ መጠናቀቅ አለበት፤ እዚህ ከመጡ በኋላ ዕዳውን አዲስ አበባ ላይ በሰው አማካይነት ማስከፈል፣ ውክልና መላክና መከታተል ወራት ይፈጃል። እዚያው ሳላችሁ ጨርሱት።

ቀጥሎ ማስረጃውን ወደ አሜሪካ ክሬዲት የሚቀይር ድርጅት ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ጊዜ የሚቀበሉት ናሴስ በሚባለው ማኅበር አባል የሆኑትን ነው፤ ደብልዩ.ኢ.ኤስ. በብዛት የሚታወቀው ነው። "በየኮርሱ" የሚተነተነውን እንጂ "በጥቅሉ" የሚባለውን አትዘዙ። ጥቅሉ ርካሽ ነው፣ ነገር ግን ዲግሪ እንዳላችሁ ብቻ ስለሚናገር ክሬዲት ለማዛወር አይጠቅምም። ሁለት ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ያስቸግራል። የመጀመሪያው የዘመን አቆጣጠር ነው፤ ወረቀቱ ላይ 2012 ተብሎ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈውን ገምጋሚው እንዳለ ካነበበው ከሌላው ሰነዳችሁ ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጠራል። በማመልከቻው ላይ አቆጣጠሩን በግልጽ ጻፉ። ሁለተኛው ስም ነው። ፓስፖርታችሁ ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይቆጠራል፤ የትምህርት ማስረጃው ላይ የአባት ስም ብቻ ቢኖር ወይም የእንግሊዝኛው አጻጻፍ በአንድ ፊደል ቢለያይ "ሌላ ሰው ነው" ይባላል። አንዱን አጻጻፍ መርጣችሁ በሁሉም ላይ እሱኑ ተጠቀሙ፣ ልዩነቱን የሚገልጽ የመሐላ ቃል በኖታሪ (በሰነድ አረጋጋጭ) አስጽፋችሁ አያይዙ።

ስለ ገንዘብ ባጭሩ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን ቅጽ ሞልቶ የፌዴራል እርዳታ ማመልከት ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ቅጹ በየዓመቱ ኦክቶበር 1 ይከፈታል። ፔል ግራንት የሚባለው አይመለስም፤ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን ትልቁ መጠን 7,395 ዶላር ነበር። በተማሪ ቪዛ የመጣ ሰው ይህን አያገኝም። የነዋሪ ክፍያ (ለክፍለ ግዛቱ ነዋሪ የሚቀነሰውን የትምህርት ክፍያ) ለማግኘት ሜሪላንድ 12 ወር መኖርን ይጠይቃል፤ ስለዚህ የቤት ኪራይ ውል፣ የመንጃ ፈቃድና የታክስ ወረቀት ላይ የሰፈረውን ቀን ጠብቁ። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ አክስቴ ቤት ስለነበርኩ ውል በስሜ አልነበረኝም፤ አክስቴ የጻፈችልኝ የማረጋገጫ ደብዳቤና የባንክ ወረቀቴ ተቀባይነት አገኙ።

አሁን ዋናው ነገር። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ስትገቡ ከዚያ ኮሌጅ ዝርዝር አትነሱ። የምትጨርሱበትን ዩኒቨርሲቲ መጀመሪያ ምረጡ፣ የጋዜጠኝነት ክፍሉን የአራት ዓመት ዝርዝር አውጡ፣ ከዚያ ወደ ኋላ እየቆጠራችሁ ኮሌጁ ውስጥ የትኛውን መውሰድ እንደምትችሉ አጣሩ። ሜሪላንድ ውስጥ አርትሲስ የሚባል የመንግሥት ድረ ገጽ አለ፤ የኮሌጁን ኮርስ ቁጥር ስታስገቡ ዩኒቨርሲቲው በምን ስም እንደሚቀበለው ይነግራችኋል። "ኢሌክቲቭ" ብሎ ከመለሰላችሁ ክሬዲቱ ይቆጠራል፣ ግን ግዴታ የሆነ ኮርስ አይተካም። በዚህ የተነሳ 60 ክሬዲት ይዘው ተሻግረው ሦስት ዓመት የቀራቸው ሰዎች አውቃለሁ። አድቫይዘሮች ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ነገር ግን የሚያማክሩት ተማሪ ብዛት ከባድ ነውና ዝርዝሩን አትማችሁ ይዛችሁ ግቡ። የተነገራችሁንም በኢሜይል ላኩላቸው፤ በጽሑፍ የተመለሰ መልስ ኋላ ላይ ማስረጃ ይሆናችኋል። መስፈርቶች በየጊዜው ስለሚለወጡ የገባችሁበትን ዓመት ካታሎግ (የመስፈርቶቹን መዝገብ) አስቀምጡት፤ ሳታቋርጡ ከተማራችሁ ብዙ ጊዜ የምትመዘኑት በእሱ ነው።

በ1945 የተቋቋመ የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶችን የሚመዝን ምክር ቤት አለ። እውቅና ከሚሰጣቸው ትምህርት ቤቶች የሚጠብቀው ተማሪው ከጋዜጠኝነት ውጭ ቢያንስ 72 ክሬዲት እንዲወስድ ነው። ይህ እውቅና ግዴታ አይደለም፤ የኖርዝዌስተርኑ ሜዲል የሚባለው እጅግ የታወቀ ትምህርት ቤት በ2017 ትቶት ወጥቷል። ሐሳቡ ግን በየቦታው ያው ነው። በእኛ ጊዜ አንድ የታሪክ፣ አንድ የኢኮኖሚክስ፣ አንድ የመንግሥትና ፖለቲካ፣ አንድ የሥነ ልቦና ወይም የሶሲዮሎጂ፣ ስታትስቲክስ እና የአደባባይ ንግግር ግዴታ ነበሩ። በዚያ ላይ ከሌላ አንድ ዘርፍ ከፍ ያሉ ኮርሶችን መርጦ ጠለቅ ማለት ነበረብን፤ እኔ የሕዝብ ጤናን መረጥኩ።

ብዙ ሰው እነዚህን "መሙያ" አድርጎ ያያቸዋል፣ በጣም አዝናለሁ። ሮክቪል ላይ የሚሰበሰበው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ምክር ቤት በበጀት ሲከራከር ተቀምጦ ለመዘገብ የሚያስችለው የኢኮኖሚክስ ክፍል ነው። ስታትስቲክስ ደግሞ ከስንት አሳፋሪ ዜና ያድናል። አንድ ታክስ ከ5 በመቶ ወደ 6 በመቶ ቢያድግ "በ1 በመቶ ጨመረ" ብሎ የሚያነብ ጋዜጠኛ ተሳስቷል፤ የጨመረው በአንድ የመቶኛ ነጥብ ነው፣ ከነበረው ሲሰላ ግን 20 በመቶ ነው። ይህን ስህተት በአማርኛ ዜናዎችም በየቀኑ እሰማለሁ። ትምህርት ቤቶቹ ቋንቋና ካሜራ ከማስተማራቸው በፊት ስለ ዓለም እንድናውቅ የሚያስገድዱን፣ የማያውቀውን የሚዘግብ ሰው የሰማውን ከመድገም ሌላ አቅም ስለሌለው ነው።

ወደ አደባባይ ንግግር ልምጣ፤ ብዙ ሐበሻ የሚፈራውና እስከ መጨረሻው ሴሚስተር የሚያቆየው ኮርስ ይህ ነውና። የእኔ ምክር ተቃራኒው ነው፦ በመጀመሪያው ዓመት ውሰዱት። ሦስት ክሬዲት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ራስን ማስተዋወቅ፣ አንድን ነገር ማስረዳትና ሰውን ማሳመን የሚሉ ንግግሮች ይኖሩታል። እያንዳንዱ ሰዓት አለው፤ ስድስት ደቂቃ ከተባለ ከስድስት ተኩል በላይ ሲሄድ ነጥብ ይቀነሳል። ጽፎ ማንበብ አይፈቀድም፣ በቃል ሸምድዶ መውረድም አይወደድም። ትንሽ ካርድ ላይ ነጥብ ነጥቡን ይዞ፣ ፊት ለፊት እያዩ መናገር ነው የሚፈለገው። እኛ ትምህርት ቤት ቃል በቃል ሸምድደን ያደግን ሰዎች ስለሆንን ይህ ይከብደናል። እኔን የረዳኝ መግቢያና መደምደሚያውን ብቻ በቃሌ ይዤ መሐሉን ለዘመድ እንደማወራ በየቀኑ በተለያየ ቃል መለማመድ ነው።

ለማሳመኛው ንግግር አላን ሞንሮ የሚባል የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ መምህር በ1930ዎቹ ያዘጋጀው ባለ አምስት ደረጃ አካሄድ በየመማሪያው አለ፦ ቀልብ መሳብ፣ ችግሩን ማሳየት፣ መፍትሔ ማቅረብ፣ መፍትሔው ቢሠራና ባይሠራ ምን እንደሚሆን በዓይነ ሕሊና ማስቀመጥ፣ በመጨረሻም አድማጩ ምን እንዲያደርግ እንደሚፈለግ መንገር። እኔ ስለ ደም ልገሳ ተናገርኩ። ይህን አካሄድ ከተማርኩ ጀምሮ የፖለቲከኛም የሰባኪም ንግግር ስሰማ የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ይታየኛል፤ ጋዜጠኛን የሚጠቅመውም ይሄ ነው።

ስለ አክሰንት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አክሰንት ነጥብ አያስቀንስም፤ አለመሰማት ግን ያስቀንሳል። ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያስቸግሩት ጥቂት ናቸው፣ ታውቀው ከተሠራባቸው ይለወጣሉ። አንደኛ፣ ተነባቢዎች ሲደራረቡ መሐላቸው ሳድስ እናስገባለን። ሁለተኛ፣ በእንግሊዝኛ ድርብ ፊደል ስናይ እንደ አማርኛችን እናጠብቀዋለን፤ እነሱ በአንድ ቃል ውስጥ አያጠብቁም። ሦስተኛና ዋናው፣ አማርኛ ክፍለ ቃሎቹን በተቀራራቢ ጉልበት ነው የሚናገረው፤ እንግሊዝኛ ግን አንዱን ክፍለ ቃል ገፍቶ ሌላውን ይውጠዋል። ጆሮ የሚስተው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። በድምፅና ንባብ ክፍል የተማርነው ስክሪፕቱ ላይ የሚገፋውን ክፍለ ቃል በእርሳስ ማስመር፣ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ላይ ዘንባላ መስመር ማድረግ፣ ከሆድ መተንፈስና ራስን ቀርፆ መስማት ነው። ይህን ልምምድ ዛሬም አልተውኩትም። በነገራችን ላይ ለአማርኛ ዜና አንባቢም ያው ዘዴ ይሠራል። ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን ስለማይጽፍ "ዋና"ን የመሰለ ቃል አየር ላይ የሚያደናቅፍ ነውና ከማንበብ በፊት ምልክት ማድረግ ይበጃል።

ከጋዜጠኝነት ኮርሶች የመጀመሪያው ዜና አጻጻፍ ነው፣ ብዙ ሰው የሚወድቀውም እሱ ላይ ነው። ብዙ ትምህርት ቤቶች ለቀጣዩ ኮርስ ለማለፍ ቢያንስ ሲ አካባቢ ውጤት ይፈልጋሉ። አሶሺየትድ ፕሬስ የሚባለው የዜና ወኪል የአጻጻፍ መመሪያ ከእጅ አይለይም፤ ቁጥር መቼ በፊደል መቼ በአኃዝ እንደሚጻፍ፣ ማዕረግ እንዴት እንደሚያጥር፣ አድራሻ እንዴት እንደሚቀመጥ በፈተና ይጠየቃል። የሰው ስም በስህተት የጻፈ ተማሪ ሙሉ ጽሑፉ እንዲወድቅ የሚያደርጉ መምህራን አሉ። ጭካኔ ይመስላል፣ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ ስሙ በየወረቀቱ እየተበላሸበት የኖረ ስደተኛ የዚህን ትርጉም ከማንም በላይ ያውቀዋል።

እኛን የሚያስቸግረን ዋናው ነገር ሰዋስው አይደለም፤ አነጋገራችን ነው። ያደግንበት አቀራረብ ዳር ዳሩን ብሎ፣ ሰላምታውን አድርሶ፣ ምክንያቱን ዘርዝሮ ነው ወደ ቁም ነገሩ የሚመጣው። ዜና ግን ከቁም ነገሩ ይጀምራል፦ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ። ሌላው የምንጭ ጉዳይ ነው። "ይባላል"፣ "እንደሚታወቀው" የሚሉ ቃላት ምንጭ አይሆኑም። ማን አለ? በምን ያውቃል? ሌላስ ማን ያረጋግጣል? እነዚህን ሦስቱን መምህሬ በእያንዳንዱ አንቀጽ ኅዳግ ላይ በቀይ ይጽፍልኝ ነበር።

የሚዲያ ሕግን ኮርስ በጉጉት ውሰዱት። በዋሽንግተን አካባቢ ለሚሠራ ሰው አንድ ምሳሌ ልስጥ። ሜሪላንድ ውስጥ የግል ውይይትን ወይም የስልክ ንግግርን ለመቅዳት የሁሉም ተነጋጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ቨርጂኒያና ዲሲ ውስጥ ግን የአንዱ ይበቃል። ስለዚህ ቨርጂኒያ ካለችው አሌክሳንድሪያ ሆኖ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ ሰው ደውሎ ሳይነግሩት መቅዳት ችግር ሊያመጣ ይችላል። ቀለል ያለው መንገድ ሁልጊዜ ማስታወቅና "እየቀዳሁ ነው፣ ፈቅደዋል?" የሚለውን ራሱን መቅዳት ነው። ስም ማጥፋትንም እዚያው ትማራላችሁ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1964 የኒው ዮርክ ታይምስና የሰሊቫን ውሳኔ ባለሥልጣን ጋዜጣን ለመርታት፣ ጸሐፊው ሐሰት መሆኑን እያወቀ ወይም እውነትነቱን ከቁም ነገር ሳይቆጥር እንዳወጣው ማስረዳት አለበት ይላል። ያ ከለላ ግን ተራ ሰውን በተመለከተ በጣም ይሳሳል። በአማርኛ መናገርም ከሕጉ አያስጥልም፤ በየዩቲዩቡ ስለ ሰው ትዳርና ንግድ የሚያወሩ ወገኖቼ ይህን ቢያውቁ እመኛለሁ። በ1966 የወጣው የመረጃ ነፃነት ሕግ ደግሞ ዜግነት ሳይጠይቅ ማንም ሰው ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ሰነድ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ደብዳቤውን እንዴት እንደሚጽፉት የምታውቁት በዚህ ክፍል ነው።

ብሮድካስቱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም ሕይወት ይይዛል። ለጆሮ መጻፍ ሌላ ሙያ ነው፦ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ሐሳብ፣ ምንጩ ከፊት። በእንግሊዝኛ አንባቢ በደቂቃ ወደ 150 ቃል ያነባል፤ ስለዚህ የ30 ሰከንድ ዜና 75 ቃል ገደማ ብቻ ነው። ፓኬጅ የሚባለው ሙሉ ዘገባ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ደቂቃ ተኩል አይበልጥም፤ በውስጡ ድምፃችሁ፣ የሁለት ሦስት ሰው ንግግር፣ የቦታው የተፈጥሮ ድምፅና ካሜራ ፊት ቆማችሁ የምትናገሩት ክፍል ይገባሉ። ሁሉንም ብቻችሁን ነው የምትሠሩት፤ ካሜራውን ትተክላላችሁ፣ ትቀርጻላችሁ፣ ትጠይቃላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፣ ኤዲት ታደርጋላችሁ። ብዙ የአካባቢ ጣቢያዎችም እንዲህ ነው የሚቀጥሩት። ከምስሉ በላይ ለድምፁ ተጨነቁ፤ የተንቀጠቀጠ ምስልን ተመልካች ይታገሣል፣ ያልተሰማ ንግግርን ግን አይታገሥም። ማይኩን ሁልጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ሰምታችሁ ብቻ ጀምሩ።

ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ከ1990 ጀምሮ ካፒታል ኒውስ ሰርቪስ የሚባል ተማሪዎች የሚሠሩበት የዜና አገልግሎት አለው፤ አናፖሊስና ዋሽንግተን ላይ ተማሪው እንደ ሙሉ ጋዜጠኛ ቀኑን ሙሉ ይዘግባል። ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲም ከ1971 ጀምሮ ደብልዩ.ኤች.ዩ.አር. የሚባል የንግድ ሬዲዮ፣ ከ1980 ጀምሮ ደግሞ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ አለው። ትምህርት ቤት ስትመርጡ ስሙን ሳይሆን ይህን ጠይቁ፦ ተማሪው አየር ላይ የሚወጣ ሥራ የሚሠራበት ቦታ አለ? በስንተኛው ዓመት? ምረቃው ግዴታ የሚያደርገው ነው ወይስ ለተመረጡ ብቻ?

ይህ የመጨረሻው ዓመት ለሚሠራ ሰው ከባድ ነው። እስከዚያ ማታ ማታ በኮሌጅ መማር ይቻላል፤ ቀኑን ሙሉ ኒውስሩም (የዜና ክፍል) ውስጥ ለመዋል ግን ሥራ መቀነስ ግድ ይላል። ስለዚህ ገና ስትጀምሩ ለዚያ ለአንድ ሴሚስተር የሚሆን ገንዘብ ለይታችሁ አጠራቅሙ። እኔ ፓርኪንግ ጋራዥ ካሸር ሆኜ እሠራ ስለነበር የሌሊት ፈረቃ ለመንኩ፤ ያጠራቀምኩትም ረዳኝ። አክስቴ "ልጄ፣ ነርሲንግ ብትማሪ እኮ ይኼኔ ቤት ገዝተሽ ነበር" ትለኝ ነበር፤ በደግነት ነው፣ ተጨንቃልኝ። "አክስትዬ፣ እነ ነርሶቹስ የሚሰሙት ዜና ማን ይሥራላቸው?" እላት ነበር። ለወላጆች ደግሞ በቁጥር መልሱላቸው፦ ሁለት ዓመት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት በነዋሪ ክፍያ፣ ዕዳው ይህን ያህል። ሲያዩት ይረጋጋሉ።

የቋንቋ መስፈርት ያለበት ትምህርት ቤት ከገባችሁ አማርኛችሁን ይዛችሁ ጠይቁ። አንዳንዶቹ በፈተና ወይም አገር ቤት በአማርኛ የተማራችሁበትን ማስረጃ አይተው ነፃ ያደርጓችኋል። ካላደረጉም አማርኛው ሌላ ቦታ ይከፍላችኋል። በክፍላችን ከሠራኋቸው ዘገባዎች ሁሉ መምህሮቼ የወደዷቸው እኔ ብቻ ልገባባቸው የቻልኳቸውን ነበር፦ የታክሲ ሾፌሮች ስብሰባ፣ የዕድር ቤተሰብ፣ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚሰጥ የደም ግፊት ምርመራ። ለቃለ መጠይቁ አማርኛውን ቃል በቃል ከተረጎማችሁ በኋላ አንድ ሌላ አማርኛ የሚያውቅ ሰው እንዲያየው አድርጉ፤ መምህሩ ሊያርመው የማይችለው ክፍል ነውና ኃላፊነቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ ነው።

ሥራውን በተመለከተ እውነቱን መናገር አለብኝ። ለብዙዎቻችን ትልቁ ተስፋ የነበረው የአሜሪካ ድምፅ ነበር፤ በማርች 2025 ሠራተኞቹ በጅምላ ከሥራ ገበታቸው እንዲነሱ ተደረገ። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ ለሕዝብ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ተመድቦ የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር ሰረዘ። ስለዚህ አንድ ጣቢያ ላይ ዓይን ጥሎ መማር አይቻልም። አብዛኛው ተመራቂ የሚጀምረው በትንሽ ከተማ ጣቢያ ነው፣ በትንሽ ደመወዝ፣ ሌሊት ተነስቶ። ከቤተሰብ ርቆ ለመሄድ ዝግጁ ያልሆነ ሰው ከጋዜጠኝነቱ ጎን በመረጃ ትንተና ወይም በሕዝብ ግንኙነት አንድ ሁለት ኮርስ ቢወስድ ሆስፒታሎች፣ የካውንቲ መሥሪያ ቤቶችና የግብረ ሰናይ ድርጅቶች ብዙ ቋንቋ የሚችል፣ የሚጽፍና ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው ይፈልጋሉ። የሕዝብ ጤና ኮርሶቼ አሁን ወዳለሁበት ሥራ ያስገቡኝ በዚህ በር ነው።

ለኢንተርንሺፕ ቀድማችሁ አመልክቱ፤ የአሜሪካው በጋ (ከጁን እስከ ኦገስት) ምዝገባ በብዙ ቦታ ገና በመኸር (ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር) ይጀምራል፣ በክረምቱ (ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ) መሐል ይዘጋል። ክሬዲት የሚሰጥበት ከሆነ ለክሬዲቱ ክፍያ እንደምትከፍሉ አስቡ፤ ክፍያ ያለውን ፈልጉ። ማመልከቻው ላይ የሚታየው ሪል ነው፣ የሥራችሁ ናሙና። ሁለት ደቂቃ ገደማ ይብቃው። ስማችሁንና ስልካችሁን ፊት ላይ አድርጉ፣ ካሜራ ፊት የቆማችሁባቸውን ሦስት አራት አጫጭር ክፍሎች አስቀድሙ፣ ከዚያ አንድ ሙሉ ፓኬጅ። ሙዚቃ አትጨምሩ። ቀጣሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ስለሚወስኑ ምርጡ ከፊት ይግባ፤ ማኅበረሰባችን ውስጥ የሠራችሁት ዘገባ ካለም ወደ ፊት አምጡት፣ ሌላው አመልካች የሌለው እሱ ነውና።